በሆሳዕና ዕለት የቀመስኩት የጃርት ሥጋ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ሆሳዕና ጋር በአንድ ቀን በዋለበት ዓመት ነው። ያን ጊዜ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ዛሬ አርጅቻለሁ፤ ዓይኔም ስለደከመ እኔ እያወራሁ የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የአንዳንድ ዘመዶቼ ስም እንኳ ይጠፋኛል። የዚያ ሰሞን ነገር ግን ከነሽታው አልጠፋኝም። ልጆቼ ለበዓል ሥጋ ሲቀርብ ለምን ቶሎ እንደማልጎርስ ይጠይቁኝ ነበር። ጥርሴን ያመኛል እያልኩ አልፋቸው ነበር።

ያኔ ያገባሁት ሰው እንየው ይባላል። አገራችን ከአምበር ወጣ ብሎ ነው። ከተጋባን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነበር፤ ልጅ አልወለድንም። ከእናቱ ከእማማ ጠጅቱ ጋር በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። እማማ ጠጅቱ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። እንየው ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ልጅ ሳለ ወድቆ የፊት ጥርሱ ስለተሰበረ ያፍርበት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ባንዳዎች መጡና “አርበኛ ታበላላችሁ” ብለው የመንደሩን ወንዶች ሰበሰቡ። እውነት ነው፣ እናበላ ነበር። ያላበላ ቤት አልነበረም። ጫካ ከገቡት ውስጥ ግማሾቹ የእኛው ዘመዶች ናቸው። እንየውን የያዙት ከእርሻ ሲመለስ ነው። በሬዎቹን ለእናቱ አስረከበና “ቀዩ በሬ ያነክሳል፣ ነገ አታስጠምዱት” አላቸው። ሌላ ነገር አልተናገረም። የተያዙትን ሁሉ እጃቸውን የኋሊት አስረው ወደ ደብረ ማርቆስ ነዷቸው።

እኔ በሶ ቋጥሬ ተከተልኩ። እማማ ጠጅቱ እግራቸውን ያማቸው ስለነበር ከቤት ቀሩ። “ሳትይዢው እንዳትመለሽ” አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ሌላ የሚሉት ስላልነበራቸው ነው።

ደብረ ማርቆስ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ገበያው ጥግ በርበሬና ጨው የሚሸጡ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ እስላም ሴት ነበሩ። ባላቸው ለንግድ ወደ ሱዳን ጠረፍ እንደሄዱ ጦርነቱ መጣና ሳይመለሱ ቀርተዋል። ከሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጬ ሲያዩኝ “ከምሽጉ ሰው አለሽ?” አሉኝ። አለኝ አልኳቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ ከበርበሬው ጆንያ አጠገብ መኝታ ሰጡኝ። ጾመኛ መሆኔን አይተው ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ለይተው አስቀመጡልኝ። ዝምድና ሳይኖረን እንዲህ ያደረጉልኝን ሴት እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳቸዋለሁ።

ምሽጉ ከኮረብታው ላይ ነው። ከበሩ በታች ሁልጊዜ ሴቶች ተኮልኩለን እንውላለን። ያመጣነውን ምግብ ዘበኞቹ ይቀበሉናል፤ ለሰዎቻችን ይድረስ አይድረስ አናውቅም። አንድ ቀን እስረኞቹ ድንጋይ ተሸክመው ሲያልፉ እንየውን አየሁት። ጸጉሩን ላጭተውታል። እሱም አየኝና ድንጋዩን ሳያወርድ አንገቱን ነቅነቅ አደረገ። “አትቅረቢ” ማለቱ ይሁን “ደህና ነኝ” ማለቱ አልገባኝም። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

በጾሙ መገባደጃ ላይ እትዬ ዘይነባ ወደ ምሽጉ በርበሬና ዘይት አድርሰው ሲመለሱ አስጠሩኝ።

“የምሽጉ አዛዥ የካፒቴኑ ወጥ ቤት ታማ ወደ አገሯ ሄዳለች። በዓላቸው ስለደረሰ ሌላ ሴት እየፈለጉ ነው” አሉኝ። “ግቢ አልልሽም፣ አትግቢም አልልሽም። ከበሩ ውጭ ከምትቀመጪ ግን ከውስጥ ሆነሽ ወሬ ትሰሚያለሽ።”

ሐሙስ ዕለት ገባሁ፤ ማታ ማታ ግን እትዬ ዘይነባ ቤት ተመልሼ አድራለሁ።

ካፒቴኑ ቀጭን፣ ሳያረጅ የሸበተ ሰው ነው። አማርኛ አያውቅም። የሚያነጋግረን አስተርጓሚው ባሻ ወርቄ ነበር፤ የከተማው ተወላጅ ነው። ባሻ ወርቄን ክፉ ነበር ማለት አልችልም፤ ደግም አልነበረም። ሲያናግር የሰው ፊት አያይም። ስለ እስረኞቹ ማንንም ለመጠየቅ ፈራሁ። አርብ ጠዋት ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ስልጥ የጭነት ካሚዮን ተነስቶ በበሩ ሲወጣ ሰማሁ። ካሚዮን ይገባል፣ ይወጣል፤ ቀና ብዬም አላየሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ወታደሮች አንድ ትልቅ ጃርት እየጎተቱ አመጡና ከኩሽናው ደጃፍ ጣሉት። ከምሽጉ የአትክልት ቦታ ድንች እየቆፈረ ሲያስቸግር ከርሞ በወጥመድ የተያዘ ነው። ለማሳየት ያመጡት መስሎኝ ነበር። ካፒቴኑ መጥቶ ሲያየው ግን ፊቱ በራ። ከባሻ ወርቄ ጋር ብዙ አወሩ።

“ለነገው ፋሲካ ይኼን ትሠሪያለሽ” አለኝ ባሻ ወርቄ።

“ጃርቱን?”

“አዎ። በአገሩ ገጠር ለበዓል ይበሉታል አሉ። አባቱ አዳኝ ነበር።”

“እኔ ጃርት ነክቼ አላውቅም። ደግሞም ጾም ነው።”

“ብዪ አልተባልሽም። ሥሪ ነው የተባልሽው።”

ጃርት በእኛ ሃይማኖት አይበላም። አያመሰኳ፤ ሰኮናም የለው፤ እግሩ ጥፍር ነው። ለሳል መድኃኒት ነው ብሎ በድብቅ የሚፈልገው ሰው አለ ሲባል ሰምቻለሁ። በግልጽ ሲበላ ግን አይቼ አላውቅም። እዚያው ቆሜ ሳየው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

“ጌታዬ፣ ባሌ እዚህ ታስሯል” አልኩት። “እንየው ይባላል። ይኼን አሳምሬ ከሠራሁ ይፈቱልኝ እንደሁ ይጠይቁልኝ።”

ባሻ ወርቄ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። ከዚያ ዞሮ ለካፒቴኑ ነገረው። ካፒቴኑ ሳቀና አጭር ነገር ተናገረ።

“በዓል ነው፣ ጥሩ አድርጋ ከሠራች አንድ ሰው ምን ያደርግልኛል፣ እፈታላታለሁ ብሏል።”

ካፒቴኑ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አሠራሩን ራሱ አሳየኝ። የፈላ ውሃ አስፈሰሰበትና እሾሁን በጉጠት እየነቀለ አወጣ። ረጃጅሞቹን እየጠረገ ብርጭቆ ውስጥ አቆማቸው። ከዚያ ቆዳውን በቢላዋ ነጭ እስኪሆን ፋቀው። ከቆዳው ሥር ጮማ አለው፣ እንደ በግ ላት ወፍራም ነው። ሆድ ዕቃውን አወጣሁ፤ ሥጋውን ቆራርጠን በኮምጣጤና በወይን ጠጅ ዘፍዝፈን አሳደርነው። ሲሠራ በቋንቋው ያወራኝ ነበር፤ እንደማልሰማው ረስቶታል። መዳፉን ከወገቡ ዝቅ አድርጎ ያን ጊዜ ይህን ያህል ነበርኩ የሚል ይመስለኛል። ሌላ ቦታ፣ በሌላ ጊዜ አግኝቼው ቢሆን ደግ ሰው ነው እል ነበር።

በማግስቱ ወደ ምሽጉ ስወጣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች አየሁ። ዘንባባውን ግንባራቸው ላይ አስረዋል። እንዳያገኙኝ በጓሮ በኩል ዞርኩ።

ሥጋውን በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጥብስ ቅጠልና በቲማቲም ቀስ እያልኩ አበሰልኩት። ቶሎ የሚበስል ሥጋ አይደለም። መጥፎ ነገር ይሸተኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። ሽታው ግን መልካም ነበር። በጾም የከረመ ሆዴ ጮኸ። ከሁሉ የበለጠ ያሳፈረኝ ይህ ነው።

መኮንኖቹ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። የእሾሁ ብርጭቆ መሃል ላይ ቆሟል፤ እንደ አበባ አድርገውታል። ድስቱን ሳስቀምጥ ካፒቴኑ በሹካ አንድ ቁራጭ ወግቶ ወደ እኔ ዘረጋ።

“ቅመሺ ይልሻል” አለ ባሻ ወርቄ። “መርዝ ይፈራሉ።”

“ዛሬ ሆሳዕና ነው ይበሉልኝ። ጾም ነው፣ ደግሞ የማንበላው ነገር ነው ይበሉልኝ።”

“ብነግረው ምን ይለወጣል?” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ባልሽን ትፈልጊ የለ?”

ተቀበልኩና ጎረስኩ። ካፒቴኑ ጉሮሮዬን ያይ ነበር። ስውጠው አንድ ሌላ ከጭኑ ቆርጦ ሰጠኝ። እሱንም በላሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጣፍጦኝ ነበር። መኮንኖቹ አጨበጨቡና መብላት ጀመሩ። እኔ ወደ ኩሽና ተመልሼ አፌን በአመድና በውሃ ታጠብኩ። ሊያስመልሰኝ ሲል ያዝኩት። ካስመለሰኝ ውሉ የሚፈርስ መሰለኝ።

ካፒቴኑ ቃሉን ጠበቀ። በልተው፣ ጠጥተው፣ ሲዘፍኑ ቆይተው ሲያበቁ ባሻ ወርቄን ጠርቶ አዘዘው። እኔ ግቢው ውስጥ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ባሻ ወርቄ ወደ እስር ቤቱ በር ሄዶ “እንየው” ብሎ ተጣራ። የአባት ስም አልጠራም። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ።

የእኔ እንየው አልነበረም።

ዕድሜው የገፋ፣ ጺሙ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰው ነው። አንድ ጎኑን በእጁ ደግፎ ነው የሚራመደው። ብርሃኑ ዓይኑን ወግቶት ቆመና ሳህን ይዤ አየኝ። ባሻ ወርቄ “ይኸው፣ ውሰጂው” አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ሰውየው ቀድሞኝ “መጣሽልኝ?” አለ፤ ተንገዳግዶም እጄን ያዘ።

“ስለ ማርያም፣ ከበሩ እንውጣ። እነግርሻለሁ” አለኝ በሹክሹክታ።

ለምን ዝም እንዳልኩ በደንብ አላውቅም። ስለ ማርያም ስላለኝ ይሆናል። ወይም፣ አይደለም ብል እሱን መልሰው የእኔን የሚያመጡልኝ ስላልመሰለኝ ይሆናል። ደግፌው ወጣሁ። ዘበኞቹ አልጠየቁንም።

ከኮረብታው በታች እንደደረስን ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል።

“እኔም እንየው እባላለሁ” አለኝ። “አገሬ ቁይ ነው። የአምበሩ እንየው አብሮን ነበር። ሲስቅ አፉን የሚሸፍነው።”

“የት አለ?”

“አርብ ጠዋት በካሚዮን ጫኗቸው።”

“ወዴት ወሰዷቸው?”

“አይነግሩንም፣ እህቴ። ከዚህ በፊትም ወስደዋል። ካሚዮኑ ሩቅ ሳይሄድ ነው ባዶውን የሚመለሰው።” ጎኑን ይዞ ቀና አለና “ስሙ ሲጠራ እሱ እንደሌለ አውቃለሁ። ስሙ የእኔም ስለሆነ ተነሳሁ። ማን እንደሚጠራኝ አላውቅም ነበር። ለሞትም ሊሆን ይችል ነበር” አለኝ።

አርብ ጠዋት ሽንኩርት ስልጥ የሰማሁት ካሚዮን ነው በልቤ ያለው።

ሰውየውን እትዬ ዘይነባ ቤት አስገብቼ በማግስቱ ተመልሼ ወጣሁ። ባሻ ወርቄን ከበሩ ላይ አገኘሁት። የተሰጠኝ ሰው ባሌ አይደለም አልኩት።

“ባልሽን ወስደሻል” አለኝ። “አልወሰድኩም ካልሽ ያንን ሰው መልሰው ያስገቡታል፣ አንቺንም ይጨምሩሻል።” ከዚያ ፊቴን አየኝ። “የአርቦቹን አትጠይቂ። አገርሽ ግቢ።”

ቅዳሜ ስለምነው እንየው አርብ መወሰዱን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? አልጠየቅሁትም። ብጠይቀውም እውነቱን የሚነግረኝ አይመስለኝም።

እትዬ ዘይነባ አህያቸውን አዋሱኝ፤ ጨውና ቆሎም ቋጠሩልኝ። “ሰውየውን እስከ ቤቱ ማድረስ ባትችዪ እንኳ ከዚህ ከተማ አውጪው” አሉኝ። ሰውየው ጎኑ ስለተሰበረ አህያው ሲራመድ ያቃስታል። እኔ ከኋላ እየደገፍኩ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገርንም። አንድ ጊዜ ብቻ ባልሽ በሶውን ለሁላችንም ያካፍለን ነበር አለኝ። ምግቡ ይደርሰው እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እሮብ ዕለት አገራችን ደረስን። ያልጠበቅሁት ነገር የመጣው እዚህ ነው። ሴት አህያ እየነዳች፣ ወንድ ተቀምጦበት፣ ከሩቅ ሲታይ ምን እንደሚመስል አላሰብኩም። እማማ ጠጅቱ ከአውድማው ጫፍ ቆመው መንገድ መንገዱን ሲያዩ ኖረዋል። አዩን። ጮኸው ሮጡ። እግራቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ሕማማት ስለሆነ እልልታም መሳሳምም የለም። እሳቸው ግን እልል እያሉ መጡ። እንዲያቆሙ እጄን አነሳሁ፤ ሰላምታ መሰላቸው።

ደርሰው የሰውየውን ጉልበት አቀፉና ሳሙት። ከዚያ ቀና አሉ።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ነበር።

“ማነው?” አሉኝ እማማ ጠጅቱ።

“እንየው ይባላል” አልኳቸው።

“ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ” አለ ሰውየው፤ ከአህያው ሊወርድ ሞከረና አቃተው።

እማማ ጠጅቱ ብዙ አዩት። ጉልበቱን የያዘውን እጃቸውን አላነሱም ነበር። በመጨረሻ የአህያውን ገመድ ያዙና “የታመመ ሰው ደጅ አይቆምም” ብለው ወደ ቤት መሩት።

ቤት ገብተን ሁሉን ነገርኳቸው። ጃርቱንም አልደበቅሁም። እማማ ጠጅቱ ጾም የማያጎድሉ፣ ያልተባረከ ሥጋ በደጃቸው የማያሳልፉ ሴት ስለነበሩ ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ነበር።

“ምነው ሙሉውን በበላሽና ልጄን ባመጣሽልኝ” አሉኝ። ከዚያ ስለ ጃርቱ አንስተው አያውቁም።

የእኛ ፋሲካ በዚያው እሑድ ዋለ። በጎቹን ባንዳዎች ወስደዋቸው ነበር። እማማ ጠጅቱ ለእንየው መመለሻ ብለው ያቆዩት አንድ አውራ ዶሮ ነበራቸው። እሱን አሳረዱና ለሰውየው ሠሩለት። ፈረሰኛውን አወጡለት። ሰውየው ለመጉረስ ሞከረና አለቀሰ። “ብላ፣ ጾም ተፈቷል” አሉት። እሳቸው ግን አልቀመሱም። እኔም አልቻልኩም። ሥጋው አፌ ሲደርስ ያኛው ይመጣብኛል።

ከፋሲካ በኋላ ዘመዶቹ ከቁይ መጥተው በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዱት። ሲለየን የእማማ ጠጅቱን እግር ሳመ። ክረምቱ ሳይወጣ መሞቱን ሰማን። የተመታው ጎኑ ነው የገደለው። ከሚስቱና ከልጆቹ መሃል ነው የሞተው። እማማ ጠጅቱ ይህን ሲሰሙ “እሱስ አፈር የሚያለብሰው አግኝቷል” አሉ። እሳቸውም ጣሊያን ሳይወጣ አረፉ።

ጣሊያን ሲወጣ ብዙ ሰው የጠፋበትን ዘመድ ፍለጋ ገደል ለገደል ዞረ። እኔም ዞርኩ። አጥንት አየን፤ የማን እንደሆነ የሚለይ ግን አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ። ለእንየው ተዝካር አውጥቼለታለሁ፤ መቃብር ግን የለውም።

ስለ ጃርቱ ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። የሰጡኝን ስግደት ሰግጄ ጨርሻለሁ። “ያንን አትጠየቂበትም” አሉኝ፤ እኔም አምኛቸዋለሁ። ይህን የሰሙ ጥቂት ሰዎች ደግሞ “አንድ ነፍስ አድነሻል” ይሉኛል። ቤቱ ገብቶ እንዲሞት ነው ያደረግሁት። ደስ ይለኝ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ደስ አይለኝም። አያሳዝነኝምም። ሰውየው አልበደለኝም።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ካሚዮኑ አርብ ወጣ፤ እኔ ያንን ሥጋ የዋጥኩት እሑድ ነው። እንየው አርብ ዕለት ሞቶ ነበር? ወይስ እሑድም በሕይወት ኖሮ፣ አንድ ቦታ ታስሮ፣ እኔ ስጎርስ እሱ የሚጠራው ሰው ሲጠብቅ ነበር? ይህን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ያለ አይመስለኝም። ካለም ስሜን አያውቅም፤ እኔም ስሙን አላውቅም።